አመዱን ከመድፋታችን በፊት

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍሎች በተዘጋጀ የሥልጠና ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ ጉባኤ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ንብ እርባታና ስለ ወፍጮ ሰፊ ትምህርት ተሰጥቶናል። እነዚህ ሁሉ ገንዘብና ዕቅድ የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው። እኛ እንድናቀርብ የታዘዝነው ጉዳይ ግን ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በየማእድ ቤታችን ጓሮ ተከምሮ፣ በነፋስ ተበትኖ፣ በዝናም ታጥቦ ስለሚቀረው ስለ ምድጃ አመድ ልንነግራችሁ መጥተናል።

ርእሱን ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ አባቶች እንዳላችሁ አይተናል፤ አንፈርድባችሁም። የአገራችን አነጋገር ለአመድ ብዙ ክብር አልሰጠውም። ከመልካም አባት የማይረባ ልጅ ሲወጣ «እሳት አመድ ወለደ» ይባላል። ደግ ሠርቶ ምስጋና ያጣ ሰው «አመድ አፋሽ» ሆነ ይባልለታል። በቅዱሳት መጻሕፍትም ቢሆን አበ ብዙኃን አብርሃም በአምላኩ ፊት ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ከአፈርና ከአመድ ጋር ቆጥሯል፤ የነነዌ ንጉሥም ከዙፋኑ ወርዶ በአመድ ላይ ተቀምጧል። አመድ የትሕትና ምልክት ሆኖ ኖሯል። ትሑት የሆነ ነገር ግን ሥራ የለውም ማለት አይደለም፤ የዛሬው ንግግራችን ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

አስቀድመን ነገሩን እንዴት እንደ ተማርነው እንንገራችሁ፤ የተማርነው በስሕተት ነውና።

አጥቢያችን የሚገኘው በአዊ ደጋማ ምድር፣ ዝናም በሚበዛበት ቀይ አፈር ላይ ነው። ከደብራችን ጋር የአብነት ትምህርት ቤት አለ። ከሦስት ዓመት በፊት የኔታ ወደ ሰበካ ጉባኤው መጥተው፣ ተማሪዎቹ ዓመቱን በሙሉ ከቆሎና ከደረቅ እንጀራ ሌላ የሚቀምሱት እንደሌለ፣ ከማእድ ቤቱ ጀርባ ካለው ባዶ ቦታ የጓሮ አትክልት ቢለማላቸው መልካም መሆኑን አመለከቱ። ጉባኤው በደስታ ተቀብሎ 400 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ አሳጠረ። ጎመን ዘራን፤ ባቄላም ዘራን። ጎመኑ ከአንድ ስንዝር ሳያልፍ ቢጫ ሆነ፤ ባቄላውም ቀጭጮ ቀረ።

አመድ ለመሬት ማዳበሪያ ነው ሲባል ሰምተን ነበርና፣ በቀጣዩ ዓመት ለዓመታት የተጠራቀመውን ክምር በሙሉ አወጣነው። በችግኝ መደቡ ላይ አራት ጣት ያህል ከፍታ ደለደልነው፤ የተረፈውን በድንቹ ቦታ ላይ ደፋነው። ዝናም ሲወርድበት መደቡ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ደረቀ፤ ችግኙ ጫፉ ተለብልቦ ሞተ። ድንቹ ሲቆፈር ልጣጩ እንደ እከክ ሻክሮ ወጣ። ከዚህም የከፋው፣ በዋዜማው ከምድጃ የወጣ አመድ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ከሣር ክዳኑ ማእድ ቤት ግድግዳ ተጠግቶ ነበርና፣ በሌሊት ከረጢቱን አቃጥሎ ወደ ግድግዳው ሲሻገር ለኪዳን የተነሡ ተማሪዎች ደረሱበት። እግዚአብሔር ጠበቀን እንጂ ማእድ ቤቱም፣ አጠገቡ ያሉት የተማሪዎቹ ጎጆዎችም በነደዱ ነበር።

የኔታ አልተቆጡንም። ተማሪዎቹ ግን ያንን ዓመት ያለ ጎመን ከረሙ። ጥፋታችን ቀላል እንዳልነበረ የገባን በዚያ ጊዜ ነው፤ በልማት ስም ስንሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ከእኛ ይልቅ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቀው ነው።

በማእድ ቤቱ ለብዙ ዘመን ያገለገሉ አንዲት እማሆይ ግን በጎጇቸው ጀርባ ያማረ ነጭ ሽንኩርት ያበቅሉ ነበር። ምን ቢያደርጉበት እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ «አመድ ነው፤ ከዚያው ከምትደፉት» አሉን። «እኛስ አመድ አድርገን አልነበረምን?» ብንላቸው፣ «አባቶቼ፣ አመድ እንደ ጨው ነው። ሲያንስ አይታወቅም፤ ሲበዛ አይበላም» ብለው መለሱልን። የግብርና ባለሙያውም አፈሩን ወስዶ ካስመረመረ በኋላ የነገረን ይህንኑ ነበር፤ እርሱ በቁጥር ነገረን፣ እማሆይ በጨው ነገሩን።

አሁን ነገሩን በሥርዓት እንየው።

አፈራችን ለምን ታመመ? ዝናም በሚበዛበት ደጋ ዘመናትን ያስቆጠረ ጎርፍና ስርገት ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምንና ፖታሲየምን ከአፈሩ አጥቦ ወስዷል። ሰብሉ በየዓመቱ ታጭዶ ገለባው ሳይመለስ ይቀራል፤ ኩበቱም ይነድዳል። በዚህ ምክንያት አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። የአፈር አሲዳማነት የሚለካው ፒ ኤች በሚባል መለኪያ ነው፤ 7 ሚዛናዊ ነው፣ ከዚያ እያነሰ ሲሄድ አሲዳማነቱ ይበረታል። ከ5.5 ሲያንስ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ፎስፈረስም ይታሰርና ተክሉ ሊያገኘው አይችልም። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ቢጨምርም የድካሙን የማያገኘው ስለዚህ ነው። ባቄላና ገብስ ይህን ችግር ከሌሎቹ ቀድመው ያሳያሉ። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ የሚበልጠው በዚህ ችግር የተነካ ነው፤ ጎጃም፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጅማ፣ ጉራጌና የጋሞ ደጋ በብዛት የሚጠቀሱ ናቸው።

አመድስ ምን ያደርጋል? ዛፍ ሥሩን ሰድዶ ከጥልቅ ያወጣው ማዕድን እንጨቱ ሲነድድ በአመዱ ውስጥ ይቀራል። በአመድ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ካልሲየም ነው። ከ100 ኪሎ የእንጨት አመድ ውስጥ በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 ኪሎ የሚሆነው ፖታሲየም ነው፤ ማግኒዚየምና ፎስፈረስም በመጠኑ ይገኙበታል። ናይትሮጅን ግን የለውም፤ እርሱ ከጢሱ ጋር ሄዷል። ስለዚህ አመድ የፍግንና የኮምፖስትን ቦታ ሊተካ አይችልም። ዋና ሥራው እንደ ኖራ ሆኖ የአፈሩን አሲዳማነት ማለዘብ ነው። በኃይሉ ግን ከኖራ ያነሰ ነው፤ የአንድ ኪሎ የእርሻ ኖራን ሥራ ለመሥራት እንደ እንጨቱ ዓይነት ከ2 እስከ 4 ኪሎ አመድ ያስፈልጋል። በፍጥነት ግን ኖራን ይቀድማል፤ ደቃቅና ቶሎ የሚሟሟ ነውና። በአካባቢያችን ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ ከሰል የሚያከስል ገበሬ፣ ከሰል በተከሰለበት ቦታ ላይ የተዘራው ሰብል ከሌላው ልቆ እንደሚታይ በዓይኑ አይቶ ያውቃል፤ ምስጢሩ በከፊል ይኸው ነው።

ምን ያህል ይደረግ? ለአንድ ካሬ ሜትር በዓመት ከ50 እስከ 100 ግራም ይበቃል። ለ100 ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ማለት ነው። እኛ በችግኝ መደባችን ላይ የደለደልነው ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ ነበር። አመድ እንደ ድቀቱና እንደ እርጥበቱ ክብደቱ ይለያያልና በዓይን አትገምቱ፤ አንድ ጊዜ በሚዛን መዝናችሁ በጣሳ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ በኋላ ጣሳው ሚዛናችሁ ይሁን። አሲዳማነቱ የበረታ ከሆነ መጠኑን አብዝቶ በአንድ ዓመት ለመጨረስ ከመሞከር፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመት በልኩ ጨምሮ አፈሩን እንደገና ማስመርመር ይሻላል።

መቼና እንዴት? ከመዝራት ወይም ከመትከል ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ በወንፊት የተነፋ አመድ በስሱ ይበተንና እስከ አንድ ስንዝር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር በመኮትኮቻ ይደባለቃል። ለክረምት ዘር የሚዘጋጅ መደብ በግንቦት ቢደረግለት መልካም ነው። በላዩ ላይ ተከምሮ ከተተወ እንደ ደረሰብን ይጋገራል። በሚበተንበት ጊዜ አፍና አፍንጫን በነጠላ መሸፈን፣ ዓይንን መጠበቅ፣ እጅን መታጠብ ያስፈልጋል። አመድ ውኃ ሲነካው የሚለበልብ ነውና፤ እናቶቻችን ከአመድ በሚጠልል ውኃ ልብስ ያጥቡ የነበረውም በዚህ ኃይሉ ነው።

ለየትኛው ተክል? ጥቅል ጎመን፣ የአበሻ ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ባቄላና አተር በአሲዳማ አፈር ላይ አመድን በደስታ ይቀበላሉ። ለድንች ግን አይደረግ፤ አሲዳማነቱ የቀነሰ አፈር ልጣጩን የሚያሻክረውን በሽታ ይጋብዛል። ለቡና ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቡና በመጠኑ አሲዳማ የሆነ አፈር ይወዳልና። ገና ለበቀለ ችግኝና ለዘር መደብ አመድን ማስጠጋት አይገባም።

የቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ሣር ለከብት የሚታጨድ ወይም ምእመናን የሚያርፉበት ከሆነ፣ እርሱም ከአመዱ ድርሻ ሊያገኝ ይችላል። ሣሩ ከታጨደና ጤዛው ከረገፈ በኋላ ለአንድ ካሬ ሜትር 50 ግራም ያህል እንደ ዱቄት በስሱ ይነስነስበት፤ ከዚያም ውኃ ይጠጣ፣ ወይም ካፊያ በሚጠበቅበት ቀን ይደረግ። እንዲህ በተደረገለት አሲዳማ ቦታ ማገጥ ከሣሩ መካከል በርትቶ ይወጣል፤ ማገጥም ለከብቱ መኖ፣ ለንቡ ቀሰም፣ ለአፈሩ ናይትሮጅን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ግን አመድ አትድፉ። የአገር በቀል ዛፎቻችን አፈር ከወደቀው ቅጠል በራሱ ሥርዓት የተሠራ ነው፤ ክምር አመድ ቡቃያውን ይገድላል፤ ፍም ከኖረበት ደግሞ ደኑን ያነድዳል።

ከምን ጋር አይገናኝ? ከዩሪያ፣ ከኤን ፒ ኤስና ከእርጥብ ፍግ ጋር በአንድ ጊዜ አታደባልቁት። ሲደባለቁ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይወጣል፤ ያ ሽታ በገንዘብ የተገዛው ናይትሮጅን ወደ ሰማይ ሲሄድ ነው። በመካከላቸው የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት ልዩነት ይኑር። በኮምፖስት ክምር ላይ ግን በየንብርብሩ እፍኝ እፍኝ ቢነሰነስ አይጎዳም።

የትኛው አመድ? ያልተቀባና መድኃኒት ያልተነከረ እንጨት አመድ ብቻ። ፌስታል፣ ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ቀለም የተቀባ ጣውላና ቆሻሻ የተቃጠለበት አመድ ለሚበላ አትክልት መርዝ ያመጣልና ይወገድ። የኩበት አመድ ከእንጨቱ አመድ ደካማ ነው። ሊታወቅ የሚገባው ግን፣ ኩበትን አንድዶ አመዱን ለመሬት ከመስጠት ይልቅ ፍጉን ራሱን ለመሬት መስጠት እጅግ ይበልጣል። እንዲሁም አመድ ለማግኘት ብሎ እንጨት ማንደድ አይገባም፤ የምንናገረው ለምግብ ከነደደው ስለ ተረፈው ብቻ ነው።

የት አይደረግ? ይህ ትምህርት ለሁሉም አጥቢያ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ቆላዎች፣ በአዋሽ ዳርቻና የኖራ ድንጋይ በሚበዛባቸው የትግራይ ሥፍራዎች አፈሩ ብዙውን ጊዜ አሲዳማ አይደለም፤ እንዲያውም ጨዋማ ወይም ኖራ የበዛበት ይሆናል። በዚያ አመድ መጨመር በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግራችሁ አፈሩን አስመርምሩ።

አቀማመጡ እንዴት ይሁን? ክዳን ባለው የብረት በርሜል፣ ከግድግዳና ከሣር ክዳን ርቆ፣ ከዝናም ተጠልሎ። በክምር አመድ ውስጥ ፍም ለቀናት ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። ከምድጃ የወጣ አመድ ወደ አትክልቱም ሆነ ወደ ከረጢት ከመግባቱ በፊት ቢያንስ አራት ቀን በበርሜሉ ይቆይ፤ በእጅ ተዳስሶም ይረጋገጥ። ዝናም የመታው አመድ ደግሞ ፖታሲየሙ ታጥቦ ስለሚሄድ ጥቅሙ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ለአባቶች ካህናት አንድ ቃል በተለየ እናቅርብ። የምንናገረው ስለ ማእድ ቤት አመድ ነው። ከጽናው የሚወጣው የዕጣን አመድ፣ ምእመናን እምነት ብለው በክብር የሚቀቡት፣ እንዲሁም በሥርዓት የተቃጠሉ ያረጁ ንዋያተ ቅድሳት አመድ ከዚህ ጋር ከቶ ሊቀላቀል አይገባም፤ በካህናቱ እጅ እንደ ሥርዓቱ ይጠበቃል። የቤተ ልሔሙን አመድ በሚመለከትም የልማት ክፍሉ በራሱ ፈቃድ ከመወሰን ተቆጥቦ የደብሩን አስተዳዳሪ ይጠይቅ። በርሜሉ ላይ «የማእድ ቤት አመድ» ተብሎ ቢጻፍበት ስሕተትን ያስቀራል። ሥርዓት ያልጠበቀ ልማት በረከት የለውም።

ልኩን በቁጥር እንመልከተው። እንጨት ሲነድድ በአመድ መልክ የሚቀረው ከክብደቱ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። በቀን 50 ኪሎ እንጨት የሚያነድድ ማእድ ቤት በቀን ግማሽ ኪሎ፣ በዓመት 180 ኪሎ ያህል አመድ ያወጣል። ይህ ለ100 ካሬ ሜትር በ7 ኪሎ ሒሳብ 2,500 ካሬ ሜትር ያህል የጓሮ አትክልት ያዳርሳል። የእኛ 400 ካሬ ሜትር የሚፈልገው 28 ኪሎ ብቻ ነው፤ የተረፈውን ለጎረቤት ምእመናን ጓሮ እናካፍላለን። ከዚህ በላይ ግን ተስፋ አንስጥ። አሲዳማነቱ የበረታ አንድ ሄክታር እርሻ ኖራ የሚጠይቀው በቶን ነውና፣ አመድ የእርሻውን ችግር ይፈታል ብለን ለገበሬው ብንሰብክ ሐሰት ይሆንብናል። አመድ የጓሮ ነገር ነው፤ ለእርሻው የእርሻ ኖራ ያስፈልገዋል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በሦስተኛው ዓመት መደቦቹን ለሁለት ከፈልናቸው። በግማሹ አመድና ኮምፖስት፣ በግማሹ ኮምፖስት ብቻ አደረግን፤ በየመደቡ ዳር እንጨት ተክለን ምልክት አደረግንበት። ይህን ያደረግነው ለምስክርነት ነው፤ የሰበካ ጉባኤው አባላት አንድ ጊዜ በእኛ ወሬ ተታልለው ነበርና ሁለተኛ በወሬ ሊያምኑን አይገባም ነበር። በነሐሴ መጨረሻ መጥተው ሲያዩ አመድ ያገኘው ባቄላ ቁመቱም ቅጠሉም የተለየ ነበር፤ ተነቅሎ ሲታይ ሥሩ ረዝሟል፣ በሥሩ ላይ ያሉት እንክብሎችም በዝተዋል። በጎመኑ ላይ የታየው ልዩነት አነስተኛ ነበር፤ ይህንንም ሳንሸሽግ በቃለ ጉባኤ አስፍረናል። ድንቹን ከአመድ አራቅነው፤ ልጣጩ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። በጾሙ ወራት ከተማሪዎቹ ማእድ ጎመን አልጠፋም። የማእድ ቤቱን በርሜል ቁልፍ ለእማሆይ ሰጥተናል፤ ያለ እርሳቸው ፈቃድ አንድ ጣሳ አመድ አይወጣም።

ስለዚህ የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ አራት ነገር እንድታደርጉ በትሕትና እንለምናለን። አፈራችሁን አስመርምሩ። አንድ ክዳን ያለው በርሜል አዘጋጁ። ከሙሉው መሬት በፊት በአንድ መደብ ሞክራችሁ፣ ያለ አመድ ከቀረው ጋር አስተያዩ፤ ያያችሁትን ጥሩውንም መጥፎውንም መዝግቡ። በመጨረሻም በማእድ ቤታችሁ ያሉትን እናቶች ጠይቁ፤ በስብሰባችን ላይ ስለማይቀመጡ ብቻ ዕውቀታቸውን አንለፈው። እኛ አንድ ዓመት ያጠፋነው በአሥር ርምጃ ርቀት ላይ የነበረውን መልስ ሳንጠይቅ በመቅረታችን ነው።

የተማሪዎቹን ማእድ፣ የደከሙትን አረጋውያን ጉርሻ የሚያበዛ ነገር ሁሉ፣ አመድ ቢሆን እንኳ፣ በአግባቡ ሊያዝ ይገባዋል። ጥቂቱን ባርኮ የሚያበዛ አምላክ የሁላችንንም አገልግሎት ይባርክ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።